የኬሚስትሪ ስሌት አሠራር፦ ከግራም ወደ ሞል፣ ከሞል ወደ ግራም

በኬሚስትሪ የቤት ሥራ ተማሪዎችን አብዝቶ የሚያስቸግረው የአንድ ንጥረ ነገር ክብደት ተሰጥቶ ከእርሱ ጋር የሚዋሃደውን ወይም ከውህደቱ የሚገኘውን ነገር ክብደት የሚጠይቀው ስሌት ሲሆን፣ የችግሩ ምንጭም ብዙውን ጊዜ ሒሳቡ ሳይሆን የአሠራሩ ቅደም ተከተል መዘበራረቁ ነው። «5.4 ግራም አሉሚኒየም ሙሉ በሙሉ ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ስንት ግራም ኦክስጅን ይፈጃል? ስንት ግራም አሉሚኒየም ኦክሳይድ ይገኛል?» የሚለው ጥያቄ ለማሳያ ይበቃል።

በመጀመሪያ የተሰጠውና የተጠየቀው ከነመለኪያቸው ተለይተው ይጻፋሉ። ቀጥሎ ኬሚካዊ እኩልታው፣ ማለትም ወደ ውህደቱ የሚገቡትንና ከውህደቱ የሚወጡትን ነገሮች በምልክት የሚያሳየው አጻጻፍ፣ የእያንዳንዱ ዓይነት አቶም ቁጥር በግራና በቀኝ እኩል እስኪሆን ድረስ ይመዛዘናል። አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል 2 አቶሞች ሲኖሩት አሉሚኒየም ኦክሳይድ 2 የአሉሚኒየምና 3 የኦክስጅን አቶሞች ስላሉት፣ ኦክስጅኑ በሁለቱም ወገን የሚገጥመው በ6 አቶሞች ነው፤ ስለዚህ በግራ 3 የኦክስጅን ሞለኪውሎች፣ በቀኝ 2 አሉሚኒየም ኦክሳይድ ይቀመጡና በቀኝ ለተገኙት 4 የአሉሚኒየም አቶሞች በግራ 4 አሉሚኒየም ይጻፋል። በዚህ ጊዜ የሚለወጠው ከፎርሙላው ፊት የሚቆመው ቁጥር ብቻ ነው፤ ከግርጌ ያለው ትንሽ ቁጥር ከተነካ ግን ነገሩ ራሱ ይለወጣል፣ በውሃ ፎርሙላ ላይ አንድ ኦክስጅን ቢጨመር ውሃ መሆኑ ቀርቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እንደሚሆን ሁሉ።

እኩልታው የሚናገረው ስለ ቅንጣቶች ቁጥር እንጂ ስለ ክብደታቸው ስላልሆነ ግራሙ ወደ ሞል መለወጥ አለበት። ሞል፣ ደርዘን 12 ነገሮችን እንደሚያመለክት፣ በግምት ከ6 ቀጥሎ 23 ዜሮዎች ሲደረደሩ የሚገኘውን ያህል ቅንጣቶች የሚያመለክት የብዛት መለኪያ ነው። አንድ ሞል አሉሚኒየም 27 ግራም ስለሚመዝን፣ 5.4 ለ27 ሲካፈል 0.2 ሞል ይሆናል። 4 ሞል አሉሚኒየም 3 ሞል ኦክስጅን ስለሚፈልግ፣ 0.2 በ3 ተባዝቶ ለ4 ሲካፈል 0.15 ሞል ኦክስጅን ይገኛል፤ አሉሚኒየም ኦክሳይዱም በ4 ለ2 ንጽጽር 0.1 ሞል ይሆናል። በመጨረሻ የእያንዳንዱ ሞል በአንድ ሞሉ ክብደት ይባዛል፤ 0.15 በ32 ሲባዛ 4.8 ግራም ኦክስጅን፣ 0.1 በ102 ሲባዛ 10.2 ግራም አሉሚኒየም ኦክሳይድ ይወጣል።

ፈረንሳዊው አንትዋን ላቮዋዚዬ እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው የኬሚስትሪ መጽሐፍ እንዳስቀመጠው፣ በኬሚካዊ ለውጥ የሚገባውና የሚወጣው ቁስ እኩል ነው፤ 5.4 እና 4.8 ሲደመሩ 10.2 መሆናቸውም የስሌቱን ትክክለኛነት ያረጋግጣል። ይህ ማመሳከሪያ ከሁሉ የከፋውን ስሕተት፣ የእኩልታውን ቁጥሮች በቀጥታ በግራም ላይ ማዋልን፣ ወዲያው ያጋልጣል፤ 5.4 ግራም ለ4 ተካፍሎ በ2 ቢባዛ ውጤቱ 2.7 ግራም፣ ይኸውም ከገባው አሉሚኒየም ያነሰ ይሆናልና።

የሁለቱም ተዋሃጆች ክብደት በተሰጠ ጊዜ፣ ለምሳሌ ኦክስጅኑ 3.2 ግራም ብቻ ቢሆን፣ የእያንዳንዱ ሞል ከፊቱ ላለው የእኩልታ ቁጥር ይካፈላል፤ አሉሚኒየሙ 0.05፣ ኦክስጅኑ 0.033 ገደማ ስለሚሆን ቀድሞ የሚያልቀው ኦክስጅኑ ነው፣ ስሌቱም መነሣት ያለበት ከእርሱ ነው።