የሕፃናት ጉልበትና የትምህርት ዘመን በላሊበላና በላስታ

የዓለም ሥራ ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጡት ግምት መሠረት፣ በዓለም ወደ 138 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናት ለጉልበት ብዝበዛ ተዳርገዋል፤ ከእነዚህም 61 በመቶ ያህሉ የሚሠሩት በግብርና ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከ5 እስከ 17 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት 42.7 በመቶው በዚሁ ሁኔታ ውስጥ እንደሚገኙ አሳይቷል። ስለዚህ ችግሩን ከፋብሪካ ይልቅ በማሳና በግጦሽ መስክ መፈለግ ይገባል።

በላስታ ደጋ ሥራው ሁለት መልክ አለው። በገጠር ሕፃናት ከብት ይጠብቃሉ፣ ውኃ ይቀዳሉ፣ እንጨት ይለቅማሉ፤ የድሃ ቤተሰብ ልጅ በእህል ወይም በገንዘብ ለሌላ ቤተሰብ በእረኝነት ይቀጠራል። በላሊበላ ከተማ ደግሞ ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች በሊስትሮነትና በመንገድ ላይ ሽያጭ ኪራያቸውን ይሸፍናሉ። የመጀመሪያው ሥራ ልጁን ከትምህርት ገበታ ሊያርቀው ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ የመማሩ መሠረት ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በወረርሽኝና በጦርነት ምክንያት የጎብኚዎች ቁጥር ሲያሽቆለቁል፣ የተናጋው ይኸው መሠረት ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች የሆነን ሰው መቅጠር ይከለክላል፤ የወጣት ሠራተኛን የሥራ ሰዓትም በቀን ከ7 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል። ይሁን እንጂ አዋጁ የቆመው በሥራ ውል ላይ በመሆኑ፣ ለወላጁ ከብት የሚጠብቀውም ሆነ በራሱ ብሩሽ ጫማ የሚጠርገው ልጅ ከጥበቃው ውጭ ይቀራሉ።

በዚህ ጽሑፍ አመለካከት የተሻለው መለኪያ የትምህርት ዘመኑ ነው። ትምህርት በመስከረም ሲጀመር በማሳ ላይ ያለው ሰብል ገና ከከብት መጠበቅ አለበት፤ አጨዳው እስከ ታኅሣሥ ይዘልቃል። የከተማውም ገበያ የሚደምቀው ከመስከረም እስከ ገናና ጥምቀት ባሉት ወራት ነው። ሁለቱም የጉልበት ፍላጎቶች በአንደኛው መንፈቀ ዓመት ላይ ይወድቃሉ። ዓመታዊው የምዝገባ ቁጥር ይህን ጫና ይሸፍነዋል፤ ልጁ ተመዝግቦ ሊቀር ይችላልና።

ስለሆነም ተመራማሪዎች የየወሩን የመገኘት መዝገብ ከሥራው ዓይነት ጋር ማነጻጸር ይኖርባቸዋል። መፍትሔውም እንደ ሥራው ይለያያል፦ ለእረኛው በፈረቃ መማር፣ ለከተማው ተማሪ የኪራይና የቀለብ ድጋፍ። ለሊስትሮው ምትክ ገቢ ሳይዘጋጅ ብሩሹን መንጠቅ ግን ትምህርቱን ጭምር መንጠቅ ነው።