በብስክሌት ወደ ሥራ፦ ያገለገለ ብስክሌት አመራረጥ፣ አያያዝና በደጋ መንገድ ላይ የሚደረግ ጥንቃቄ

የትምህርቱ ዓላማ

ይህ ትምህርት ሲጠናቀቅ አንባቢው የሚከተሉትን ለይቶ ያውቃል፦ ብስክሌት በወረርሽኝ ወቅት ለጤናና ለኑሮ የሚሰጠውን ጥቅም፤ ያገለገለ ብስክሌት ሲገዛ መመርመር ያለበትን፤ በቤት ውስጥ ሊያከናውነው የሚችለውን ጥገና፤ እንዲሁም በደብረ ታቦርና በአካባቢዋ ባሉ ዳገታማ መንገዶች ላይ ሊወስድ የሚገባውን ጥንቃቄ።

1. ብስክሌት በወረርሽኝ ወቅት ለምን ይመከራል?

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ከተደረገ በኋላ ከተለወጡት የዕለት ተዕለት ኑሮ ገጽታዎች አንዱ መጓጓዣ ነው። በሽታው በዋናነት የሚተላለፈው የተያዘ ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲናገርና ሲተነፍስ በሚወጡ ጥቃቅን የፈሳሽ ቅንጣቶች አማካይነት ነው። ስለሆነም መስኮቱ የተዘጋና ተሳፋሪ የበዛበት ተሽከርካሪ ለመተላለፉ ምቹ ሁኔታ ይፈጥራል። በዚያው ዓመት በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሕዝብ ማመላለሻዎች ከመጫን አቅማቸው ግማሹን ብቻ እንዲይዙ የተደነገገውም በዚህ ምክንያት ነበር። ድንጋጌው ርቀትን ለመጠበቅ ቢረዳም ወረፋው ረዝሟል፤ የጉዞ ወጪውም ከብዷል። በባጃጅ ውስጥ ደግሞ ሁለት ሜትር መራራቅ ከቶ አይቻልም።

የዓለም ጤና ድርጅት በወረርሽኙ ጊዜ ከቤት መውጣት ግድ ሲሆን፣ በተቻለ መጠን በብስክሌት ወይም በእግር መሄድን መክሯል። ብስክሌት ነጂ ብቻውን፣ ንጹሕ አየር በሚነፍስበት ቦታ ይጓዛል፤ ለወረፋ አይሰለፍም፤ ሌላ ሰው የነካውን እጀታም አይጨብጥም። ለታማሚ፣ ለነፍሰ ጡርና ለአረጋዊ በታክሲው ውስጥ አንድ መቀመጫ መልቀቁም ሌላው ጥቅም ነው።

ብስክሌት ለአማራ ክልል ነዋሪ እንግዳ መጓጓዣ አይደለም። ከደብረ ታቦር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ባሕር ዳር ሜዳማ በሆኑት ሰፋፊ ጎዳናዎቿ ላይ ወንዱም ሴቱም፣ ተማሪውም ሠራተኛውም በብስክሌት ሲመላለስባት የኖረች ከተማ ናት። በአገር አቀፍ ደረጃም በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች «መንገድ ለሰው» በሚል ስያሜ መንገዶች ለተወሰነ ሰዓት ከተሽከርካሪ ነፃ የሚሆኑበት መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም. ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 ድረስ የሚተገበር የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂም ተዘጋጅቷል።

ጥቅሙ ከወረርሽኙ ጋር የሚያበቃ አይደለም። አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመከራል። ቤቱ ከሥራ ቦታው 3 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ሠራተኛ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ መንገዱን በ15 ደቂቃ ይጨርሳል፤ በእግሩ ቢሄድ ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ደርሶ መልሱን በአምስት የሥራ ቀናት ሲያባዛው ልክ 150 ደቂቃ ይሆናል። የደም ግፊትን፣ የስኳር በሽታንና ከልክ ያለፈ ውፍረትን ለመከላከል የሚረዳውን እንቅስቃሴ ተጨማሪ ጊዜ ሳይመድብ አገኘ ማለት ነው። እነዚህ ሕመሞች በኮቪድ-19 የተያዘን ሰው ለጽኑ ሕመም የሚያጋልጡ መሆናቸውም ሊዘነጋ አይገባም።

2. የደጋው መንገድና የሰውነት ዝግጅት

ለባሕር ዳር የሚበቃ ልማድ ለደብረ ታቦር አይበቃም። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከወረታና ከፎገራ ሜዳ የሚነሳው አውራ ጎዳና ወደ ከተማዋ ለመድረስ 900 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ከከተማዋ በስተምሥራቅ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ቆሟል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ወደ መቅደላ ለማድረስ መንገድ እየተጠረገ ወራት የፈጀው የዚህ አገር ዳገትና ቁልቁለት ለጎማ የማይመች በመሆኑ ነው።

በዚህ ከፍታ ላይ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያነሰ ነው። የአካባቢው ተወላጅ አየሩን የለመደ ቢሆንም፣ ለረጅም ጊዜ እንቅስቃሴ ያላደረገ ሰው ዳገት ላይ ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ፣ አጀማመሩ በደረጃ ቢሆን ይሻላል።

በመጀመሪያው ሳምንት መንገዱን በእረፍት ቀን፣ ሰው በማይበዛበት ሰዓት ሄዶ ማጥናት ያስፈልጋል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በብስክሌት፣ የቀሩትን ቀናት በእግር ወይም በሌላ መጓጓዣ መሄድ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ቀናቱን መጨመር ተገቢ ይሆናል። ነጂው እየነዳ አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻለ ከአቅሙ በላይ እየደከመ መሆኑን ይወቅ። ከዳገት ላይ ወርዶ መግፋት የሚያሳፍር አይደለም። በጾም ወራት እስከ ቀትር ወይም ከዚያ በኋላ እህል ውኃ የማይቀምስ ሰው ፍጥነቱን መቀነስና ዳገቱን በእግሩ መውጣት ይኖርበታል።

የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት፣ እንዲሁም ከኮቪድ-19 ያገገመ ሰው ከመጀመሩ በፊት የጤና ባለሙያ ማማከር አለበት። በመንገድ ላይ የደረት ሕመም፣ ከዕረፍት በኋላ የማይለቅ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን የመሳት ስሜት ካጋጠመ ወዲያውኑ ቆሞ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

3. ያገለገለ ብስክሌት ሲገዛ

አዲስ ብስክሌት ለብዙ ቤተሰብ ውድ ነው፤ ያገለገለ ግን በደንብ ከተመረመረ ለዓመታት ያገለግላል። የሚታየው ቀለሙ አይደለም። ቀለሙ የደበዘዘ ጠንካራ ብስክሌት፣ ቀለም ከተቀባ ስንጥቅ ብስክሌት ይበልጣል። ገዢው ምርመራውን በቀን ብርሃን፣ በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢያካሂድ ይመረጣል።

ሀ. ሻንሲ፦ ብረቶቹ በተበየዱበት መጋጠሚያ ሁሉ፣ በተለይም ከመሪው ሥር፣ ስንጥቅ፣ ጉብጠት ወይም የተሸበሸበ ቀለም መኖር አለመኖሩ ይታያል። የተሰነጠቀ ሻንሲ በማናቸውም ዋጋ አይገዛም፤ ሌላው ሁሉ ሊለወጥ የሚችል ዕቃ ነው።

ለ. ፍሬን፦ የፊቱን ፍሬን ጨብጦ ብስክሌቱን ወደ ፊት መግፋት፣ ቀጥሎም የኋላውን ፍሬን ጨብጦ እንዲሁ ማድረግ። የተያዘው ጎማ መዞር የለበትም። ገመዱ የተበጣጠሰ ወይም የዛገ ከሆነ የመለወጫው ወጪ ከዋጋው ላይ ይቀነሳል።

ሐ. ቸርኬ፦ ጎማውን ከመሬት አንስቶ ማሽከርከር። ወዲያና ወዲህ የሚዋልል ከሆነ የቸርኬው ሽቦዎች ላልተዋል ወይም ቸርኬው ተጣሟል። በእጅ ወደ ጎን ሲነቀነቅ ከተንገጫገጨ ኩሽኔታው አልቋል።

መ. ካቴናና ጥርስ፦ ካቴናው ላይ 24 ተከታታይ ቀለበቶች በማስመሪያ ሲለኩ 30.5 ሴንቲ ሜትር ያህል መሆን አለባቸው። 30.8 ሴንቲ ሜትር ከደረሱ ካቴናው ተስቧል፤ ካልተለወጠ ጥርሶቹንም ይበላል።

ሠ. ልክ፦ ነጂው ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ተረከዙን ከታች በዋለው ፔዳል ላይ ሲያሳርፍ እግሩ ቀጥ ማለት ይገባዋል። ዝቅ ያለ ኮርቻ ጉልበትን ይጎዳል፤ በዳገት ላይም ኃይል ያባክናል።

ለዳገታማ ከተማ ማርሽ ያለው ብስክሌት ይመረጣል። ማርሽ የሌለው ከባድ ብስክሌት ለሜዳ መንገድ ይስማማል፤ በደጋው ግን ነጂውን ብዙ ጊዜ ያስወርደዋል። ግዢው በምስክር ፊት በጽሑፍ ቢፈጸም፣ የሻጩ ማንነትና የሻንሲው ቁጥር በውሉ ላይ ቢሰፍር ገዢውን ከተሰረቀ ንብረት ክርክር ያድነዋል። ከግዢ በኋላ መሪውን፣ የፍሬን መያዣዎቹንና ኮርቻውን በሳሙናና በውኃ ማጽዳት ያስፈልጋል።

4. በቤት ውስጥ የሚደረግ ጥገና

ለቤት ጥገና የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ ፖምፓ፣ ብሎን መፍቻ ቁልፎች፣ ማስቲሽና የጎማ ቁራጭ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ዘይትና ጨርቅ።

ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት፦ ጎማውን በአውራ ጣት መጫን፤ ሁለቱንም ፍሬኖች መሞከር፤ የጎማዎቹ ማሰሪያ ዳዶዎች መጥበቃቸውን ማየት። ይህ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

በየሳምንቱ፦ ጎማውን በጎኑ ላይ በተጻፈው መጠን መሠረት መንፋት። የላላ ጎማ ዳገቱን ያከብዳል፤ በኮብልስቶን ላይም የውስጥ ጎማውን በቸርኬው ጠርዝና በድንጋዩ መካከል አስገብቶ ያስበሳዋል።

በየወሩ፦ ካቴናውን ጥቂት ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ጠርጎ ማድረቅ፤ በእያንዳንዱ ቀለበት ላይ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ማድረግ፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ አሽከርክሮ ትርፉን መጥረግ። ነጭ ጋዙን ከእሳትና ከሕፃናት ማራቅ ግድ ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አቧራ ስለሚሰበስብ ለካቴና አይሆንም። በቸርኬውና በፍሬኑ ጎማ ላይ ዘይት ፈጽሞ መንካት የለበትም።

በክረምት፦ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ጭቃው ካቴናውንና የፍሬኑን ጎማ በፍጥነት ይበላል። ከዝናብ በኋላ ብስክሌቱን ማጠብ፣ ማድረቅና ካቴናውን በዘይት ማለስለስ ያስፈልጋል። የፍሬኑ ጎማ ላይ ያሉት መስመሮች ከጠፉ ዝናቡ ሳይበረታ መለወጥ ይገባል።

የተበሳ ጎማ ለመጠገን የውጭ ጎማውን ጠርዝ በእጅ ወይም ስለት በሌለው የማንኪያ እጀታ ማውጣት፤ ካቻቢቴ የውስጥ ጎማውን ስለሚበሳ አይመከርም። የውስጥ ጎማውን ነፍቶ ውኃ ውስጥ ሲያስገቡት አረፋ የሚወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ቦታውን አድርቆ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት፣ ማስቲሽ ቀብቶ ጥቂት እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ከዚያም ቁራጩን ለጥፎ አጥብቆ መጫን ነው። መልሶ ከመግጠም በፊት የቀጋ እሾህ ወይም ጠጠር ተሰክቶ እንዳልቀረ የውጭውን ጎማ ውስጡን በጥንቃቄ መዳሰስ ያስፈልጋል። የቸርኬ ማቃናትና የኩሽኔታ ለውጥ ግን ለጠጋኝ ባለሙያ ይተዋል።

5. በመንገድ ላይ የሚደረግ ጥንቃቄ

በደጋ መንገድ ላይ ትልቁ አደጋ ያለው በዳገቱ ሳይሆን በቁልቁለቱ ነው። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ሁለቱም ፍሬኖች ይሞከራሉ። ሁለቱንም በአንድነት፣ ያዝ ለቀቅ እያደረጉ መጠቀም ቸርኬው እንዳይግል ይረዳል። የፊቱን ብቻ በድንገት መጨበጥ ነጂውን ከመሪው በላይ ይወረውራል። ቸርኬ ሲርስ ፍሬን ዘግይቶ ስለሚይዝ በዝናብ ጊዜ ቀደም ብሎ መጨበጥ ያስፈልጋል። አንዱ ፍሬን ያልሠራ ብስክሌት ቁልቁለት ላይ አይነዳም፤ ይገፋል።

የጠዋቱ ብርድ ጋቢና ነጠላ ያስለብሳል፤ ሆኖም የጋቢ ጫፍ በካቴና ወይም በቸርኬ ሽቦ ከተጠለፈ ነጂውን በቅጽበት ይጥለዋል። ስለዚህ ሰውነት ላይ የሚያርፍ ሹራብ መልበስ፣ የሱሪን እግርና የቀሚስን ጫፍ ማሰር ይገባል። የጭንቅላት መከላከያ ቆብ ማድረግ፣ ጉም በሚወርድበት ጊዜ ደማቅ ልብስ መልበስና መብራት ማብራት ከአደጋ ይጠብቃል። በገበያ ቀን ጭነት ከያዙ አህዮችና ከከብት መንጋ አጠገብ ሲታለፍ ፍጥነት መቀነስ ያስፈልጋል።

6. ወረርሽኙን የሚመለከቱ ጥንቃቄዎች

ብስክሌት ከሰው ያርቃል እንጂ ከበሽታው ፈጽሞ አይከላከልም።

• ትኩሳት፣ ሳል ወይም የጣዕምና የሽታ ስሜት ማጣት ያለበት ሰው በብስክሌትም ቢሆን ወደ ሥራ አይሄድም፤ በቤቱ ሆኖ በነፃ የስልክ መስመር 8335 ወይም 952 ይደውላል።
• ከሰው ርቆ ዳገት በሚወጣበት ጊዜ ጭንብል ትንፋሽን ሊያስቸግር ይችላል። ሰው ወዳለበት ሲደርስ ግን በንጹሕ እጅ ማድረግ ይገባል። በላብ የራሰ ጭንብል በደረቅ ይለወጣል።
• ብስክሌት ከሌላ ሰው ጋር በጋራ የሚያገለግል ከሆነ መሪውና የፍሬን መያዣው በሳሙና ውኃ ወይም በ70 በመቶ አልኮል ይወለወላል። በረኪና ብረትን ስለሚያዝግ ለብስክሌት አይመረጥም።
• ሥራ ቦታ እንደተደረሰ አስቀድሞ እጅ በውኃና በሳሙና ለ20 ሰከንድ ይታጠባል።
• ጎን ለጎን እየተጨዋወቱ መንዳት ርቀትንም የመንገድ ደኅንነትንም ያጓድላል።

መሥሪያ ቤቶችም ድርሻ አላቸው። ጥበቃ ያለው የብስክሌት ማቆሚያ፣ የእጅ መታጠቢያና ልብስ መቀየሪያ ቦታ ያዘጋጀ ተቋም ሠራተኛውን ከወረፋና ከመጨናነቅ ያድናል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ከቤት እስከ ሥራ ቦታ ባለው መንገድ ላይ በእግር መታለፍ ያለባቸው ቁልቁለቶችና መታጠፊያዎች የትኞቹ ናቸው?
2. በቤት ውስጥ ያለው ብስክሌት ሁለቱም ፍሬኖች ይሠራሉ? መጨረሻ የተፈተሹት መቼ ነው?
3. ብስክሌቱን ከአንድ በላይ የቤተሰብ አባል የሚጠቀምበት ከሆነ የማጽዳቱ ኃላፊነት የማን ነው?
4. በመሥሪያ ቤቱ የእጅ መታጠቢያና የብስክሌት ማቆሚያ ከሌለ ጥያቄውን ለኃላፊዎች የሚያቀርበው ማን ይሁን?