ለሞዴል አውሮፕላን የሚጨመሩ ጥቃቅን ክፍሎች አመራረጥ

ሞዴል መሥራት ማለት በሳጥን ተዘግቶ የሚመጣውን የፕላስቲክ ክፍልፋይ በማጣበቂያ ገጣጥሞ የእውነተኛውን አውሮፕላን አምሳያ ማቆም መሆኑን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ሳጥኑን የሚያዘጋጀው ፋብሪካ ግን ሁሉን አሟልቶ አይሰጥም። ጉድለቱን የሚሞሉትን ጥቃቅን ክፍሎች ሌሎች ፋብሪካዎች ለብቻ ሠርተው ይሸጣሉ፤ ከእነዚህም አንዱ እ.ኤ.አ. በ1989 በቼኮስሎቫኪያ የተቋቋመው፥ ዛሬ የቼክ ሪፑብሊክ የሆነው ኤድዋርድ ነው። የጥቃቅኑ ዋጋ ተደምሮ ከሳጥኑ ዋጋ የሚበልጥበት ጊዜ ስላለ፥ የተማሪም ኪስ የታወቀ ስለሆነ፥ የትኛውን መግዛት የትኛውንስ መተው እንደሚገባ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ለምሳሌ የእንግሊዙን ስፒትፋየር ማርክ 1 እንውሰድ።

በካርታ ላይ እስኬል የምንለው ነገር ለዚህም ሥራ መጀመሪያው ነው። በ1/48 እስኬል የተሠራ ሞዴል አንዱ ሚሊሜትር በእውነተኛው ላይ 48 ሚሊሜትር ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11 ሜትር ከ23 ሴንቲሜትር የነበረው ስፒትፋየር በዚህ እስኬል 23.4 ሴንቲሜትር፥ በ1/72 ደግሞ 15.6 ሴንቲሜትር ብቻ ይሆናል። እንግዲህ የፕላስቲኩ ግድግዳ 1 ሚሊሜትር ቢወፍር፥ በእውነተኛው ላይ ወደ 5 ሴንቲሜትር የሚጠጋ ቆርቆሮ መሆኑ ነው፤ ይህን የለበሰ አውሮፕላን ከመሬትም ባልተነሣ ነበር። ተጨማሪ ክፍል የሚገዛው እንዲህ ያለውን ሐሰት፥ ያውም ዐይን በሚያርፍበት ቦታ ላይ ያለውን፥ ለማረም ነው። ከዚህ ውጭ የሚገዛው ሁሉ ጌጥ ነው።

በአሲድ ተበልቶ የሚቀረጸው የናስ ዝርግ ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ለጠፍጣፋና ለስስ ነገር ተወዳዳሪ የለውም። ክብ ለሆነ ነገር ግን አይበጅም። የስፒትፋየር መሪ ዘንግ ጫፉ ክብ ቀለበት ነው፤ ይህ ቀለበት ከናስ ዝርግ ተቆርጦ ሲመጣ ከፊት ሲያዩት ያማረ፥ ከጎን ሲያዩት ወረቀት ይሆናል። ከዚህስ ዋጋው ከምንም የማይቆጠር ቀጭን ሽቦ ጠምዝዞ ማስገባት ይሻላል። በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የሚደርቀው ሬዚን ለወንበር፥ ለጎማና ለጢስ ማውጫ ይስማማል። የመሣሪያ አፈሙዝ ደግሞ በቶርኖ ከተሠራ ናስ የሚበልጥ የለም።

ነገር ግን አፈሙዝ ባማረ ቁጥር አይገዛም። ማርክ 1 በክንፎቹ ውስጥ 8 ብራውኒንግ መትረየሶች ነበሩት። አፋቸው ከክንፉ ወደ ውጭ አይወጣም፤ ቀዳዳውም ከበረራ በፊት ብርድና እርጥበት ገብቶ መትረየሱን እንዳያቆመው በጨርቅ ይለጠፍ ነበር። ነጂው ሲተኩስ ጥይቱ ጨርቁን በስቶ ይወጣል። ስለዚህ ለማርክ 1 የናስ አፈሙዝ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከጨርቅ በስተጀርባ ይቀብራል፤ ቁራጭ ወረቀት ቀይ ቀብቶ ቢለጥፍበት ወደ እውነቱ ይበልጥ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. ከ1941 ጀምሮ በተሠራው በማርክ 5 ዓይነት ላይ ግን 20 ሚሊሜትር መድፎች ከክንፉ ፊት ረዝመው ይታያሉ። የመድፉ ቀዳዳ በ1/48 እስኬል 0.4 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ይህን በእጅ መሰርሰሪያ አስተካክሎ መብሳት ለጥቂቶች የተሰጠ ችሎታ ስለሆነ፥ እዚህ ላይ ናሱ ዋጋውን ያወጣል።

ሁለተኛው ጉዳይ የዘመኑ ነው። «ለስፒትፋየር ማርክ 1» ተብሎ የተጻፈበት ፓኮ ለማርክ 1 ሁሉ ይሆናል ማለት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ 77 አውሮፕላኖች ሁለት ምላስ ያለው የእንጨት ፕሮፔለር ነበራቸው፤ ከ78ኛው ጀምሮ ባለ ሦስት ምላስ ሆነ። የነጂው መስታወት ክዳን በመጀመሪያ ጣሪያው ጠፍጣፋ ነበረ፥ በኋላ ጎበጥ እንዲል ተደረገ። በፊተኛው መስታወት ላይ ጥይት የሚከላከለው ወፍራም መስታወትም፥ ወደ ኋላ ማያው መስታወትም በኋላ የመጡ ናቸው። እንግዲህ የ1938ቱን አውሮፕላን የሚሠራ ሰው የ1940ውን ክፍል ቢገጥምበት፥ ክፍሉ ምንም ያህል ቢያምር ሞዴሉ ሐሰት ይናገራል። ታሪክ የሚማር ሰው ሰነዱን ሳያይ እንደማይጽፍ ሁሉ፥ ሞዴል የሚሠራም የዚያኑ አውሮፕላን ፎቶግራፍ ሳያይ ባይገዛ መልካም ነው። የአውሮፕላኑ ቁጥር ስለሚጻፍበት፥ ተለጣፊው ምልክት ተመርጦ ፎቶግራፉ ከተገኘ በኋላ ወደ ጥቃቅኑ መሄድ ይቀላል።

ለአንድ ማርክ 1 ሦስት ነገር ብቻ ግዛ ብባል፥ አስቀድሜ የወንበሩን ቀበቶ እገዛለሁ። ክዳኑ ተከፍቶ ሲታይ ዐይን የሚወድቀው ወንበሩ ላይ ነውና። 5 ሴንቲሜትር የሚሰፋ ቀበቶ በ1/48 እስኬል 1 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል፤ ከፕላስቲኩ ጋር አብሮ የተቀረጸው ግን ወንበሩ ላይ የተጋገረ ይመስላል። የናሱ ቀበቶ ግትር ስለሆነ በወረንጦ ይዞ በሻማ ነበልባል ማሞቅ ነው፤ ያን ጊዜ ይለሰልስና እንደ ጨርቅ ይወድቃል። ቀጥሎ ስስ የመስታወት ክዳን፥ ከዚያም አፉ የተቦረቦረ የሬዚን ጢስ ማውጫ፥ በየጎኑ ሦስት ሦስት። በ1/72 እስኬል፥ ክዳኑም ከተዘጋ፥ ቀበቶውንም እተወዋለሁ።

አንዳንድ ጓደኞች «ባይታይም ውስጡ እንዳለ እኔ ዐውቃለሁ» ይላሉ። ለራሱ ደስታ የሚሠራን ሰው የሚከለክለው የለም፤ እኔም አልነቅፈውም። ነገር ግን በማይከፈት ሆድ ውስጥ የሬዲዮ ሽቦ ዘርግቶ፥ የክንፉን መጋጠሚያ ስንጥቅ ሳይደፍን ለኤግዚቢሽን የሚያቀርብ አለ። ያ ስንጥቅ በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ እጅ የሚያስገባ ነበር።

በመጨረሻ ስለ አገጣጠም። የሬዚን ክፍል ለአንድ ፋብሪካ ሳጥን ተለክቶ ይሠራል፤ ለታሚያ የተሠራው ለኤርፊክስ ላይገባ ይችላልና በፓኮው ላይ የማን እንደሆነ ማንበብ ይገባል። ሬዚን ሲደርቅ ጥቂት ስለሚኮማተርም ሳይጣበቅ አስቀድሞ ገጥሞ ማየት ያስፈልጋል። የፕላስቲክ ማጣበቂያ ሬዚንንም ናስንም አይዝም፤ ሱፐር ግሉ ይፈልጋሉ። ሬዚን በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ ዱቄቱ ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ፥ ወረቀቱን ውሃ ውስጥ እየነከሩ፥ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፥ አብሮ የሚተኛ ጓደኛ ካለም ከመኝታ ክፍል ውጭ መፋቅ ነው።