በሰው አካል ውስጥ ስላለ ሰዓት

በመተማ ቆላ ሰሊጥ ሲደርስ ከደጋ ብዙ አጫጆች ይወርዳሉ። ከዕለታት አንድ ቀን ሁለት ባልንጀሮች በአንድ እርሻ ተቀጠሩ። ታላቁ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ በጎሕ ያጭዳል፤ ፀሐይ ሲበረታ በጥላ ያርፋል፤ በ10 ሰዓት ተመልሶ ይሠራል፤ በጊዜም ይተኛል። ታናሹ ግን እስከ እኩለ ሌሊት ሲጫወት ያመሻል፤ አርፍዶም ይነሣል፤ የቀረበትን ሥራ በቀትር ለማካካስ ይጣደፋል። በአራተኛው ቀን ራሱን አዞረውና ወደቀ። ባልንጀራው ወደ ጥላ ወስዶ፥ ውሃ እያፈሰሰ አበረደው፤ በጭንቅም ዳነ።

ይህ ስለ ምን ሆነ? በሰው አንጎል ውስጥ ቀንንና ሌሊትን የሚለይ ሰዓት አለ። ይህንንም ሰዓት ከሁሉ ይልቅ የሚያቀናው በዓይን የሚገባ ብርሃን ነው። ጡንቻም የራሱ ሰዓት አለው፤ ሥራ በየዕለቱ በአንድ ጊዜ ሲሠራ ያን ጊዜ ይለምዳል። የሰውነት ሙቀት ሳይነጋ ዝቅ ይላል፤ ወደ ማታ ከፍ ይላል። ሌሊት ያልተኛ፥ አካሉም ቆላውን ያልለመደ ሰው በቀትር ሲደክም ሙቀቱ በላዩ ይከማቻል። የዚህን ሰዓት አሠራር የመረመሩ ሦስት የአሜሪካ ሊቃውንት፥ ጄፍሪ ሆል፥ ማይክል ሮዝባሽና ማይክል ያንግ፥ በ2010 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

ታናሹም ከዳነ በኋላ ከባልንጀራው ጋራ በጎሕ መነሣት ጀመረ። በመጀመሪያ እንቅልፍ አስቸገረው፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ማንም ሳይቀሰቅሰው ነቃ።

ጉልበት ያለ ጊዜው ሲሠራ ባለቤቱን ይጥላል፤ በጊዜው ሲሠራ ግን ይበረታል።