አዲስ ጫማ ለማስተዋወቅ ዕጣ ማውጣት ያዋጣል?

አዲስ የጫማ ምልክት ይዞ ገበያ የሚገባ ነጋዴ በቅድሚያ የሚያሳስበው ስሙን ማስታወቅ ነው። በአሁኑ ጊዜ ለዚህ የሚመረጠው ዘዴ «የኢሜይል አድራሻዎን ያስመዝግቡ፤ በዕጣ አንድ ጥንድ ጫማ ያግኙ» የሚለው ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚቋቋሙ አንዳንድ የጫማ ድርጅቶች ሱቅ ሳይከፍቱ፣ የመጀመሪያው ጭነት እንኳ ሳይገባላቸው ምዝገባውን ይጀምራሉ። አዲስ አበባ ላይ በኢሜይሉ ቦታ የስልክ ቁጥርና የቴሌግራም ቻናል ይግባ እንጂ አሠራሩ ያው ነው።

ዘዴው ርካሽ ይመስላል። ርካሽ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ግን በተሰበሰበው ስም ብዛት ሳይሆን ከተመዘገቡት ውስጥ ምን ያህሉ ከኪሳቸው ከፍለው ገዙ በሚለው ነው።

ለምሳሌ አንድ ነጋዴ 2 ሺህ ብር የወጣባቸውን 20 ጥንድ ጫማዎች ለዕጣ አዋለ እንበል። ይህ 40 ሺህ ብር ነው። ለማስታወቂያ 20 ሺህ ብር ጨመረና 4 ሺህ ሰው ተመዘገበለት። ወጪው ለአንድ ስም 15 ብር መሆኑ ነው። ነጋዴው ደስ ይለዋል። ከእነዚህ ውስጥ የገዙት 40 ብቻ ከሆኑ ግን አንድ ገዢ ለማግኘት 1 ሺህ 500 ብር ወጥቷል። ከአንድ ጥንድ የሚገኘው ትርፍ 600 ብር ቢሆን በእያንዳንዱ ሽያጭ 900 ብር ከካፒታል ላይ ተቀንሷል ማለት ነው። ወጪው የሚመለሰው 100 ጥንድ ሲሸጥ፣ ወይም የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ተመልሰው ሲመጡ ነው። አብዛኛው ነጋዴ ይህን ሒሳብ የሚሠራው ዕጣው ከወጣ በኋላ መሆኑ ነው ችግሩ።

የሽልማቱ ዓይነትም ይወስናል። ለጫማ ማስተዋወቂያ ሞባይል ወይም ቴሌቪዥን የሚሸልም ድርጅት የሚሰበስበው ሞባይልና ቴሌቪዥን ፈላጊ ነው። ጫማውን ራሱን የሚሸልም ቢያንስ ጫማውን የወደደ ሰው ይመዘግባል። በዚህም በኩል ቢሆን አንድ የተደበቀ ኪሳራ አለ፤ «ምናልባት ይደርሰኝ ይሆናል» ብሎ የተመዘገበ ሰው ዕጣው እስኪወጣ ድረስ አይገዛም። ስለዚህ የዕጣውን ጊዜ ማሳጠር፣ በወጣ ማግሥትም ላልደረሳቸው ሁሉ ቀኑ የተወሰነ የዋጋ ቅናሽ መላክ ያስፈልጋል። ሽያጩ ያለው ከዚያ ላይ ነው።

የደንበኛ አድራሻ መመዝገብ ከኢንተርኔት ጋር የመጣ ነገር አይደለም። ዛሬ ናይኪ እየተባለ የሚጠራው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1964 ብሉ ሪበን ስፖርትስ በሚል ስም ሲቋቋም የጃፓኑ ኦኒትሱካ የሚሠራው የታይገር ጫማ አከፋፋይ ብቻ ነበር። መሥራቾቹ ፊል ናይትና አሠልጣኙ ቢል ባወርማን ያዋጡት እያንዳንዳቸው 500 ዶላር ሲሆን፣ ናይት ጫማውን በመኪናው ኮፈን ጭኖ በየሩጫ ውድድሩ እየዞረ ይሸጥ ነበር። በ1965 የድርጅቱ የመጀመሪያ የሙሉ ጊዜ ተቀጣሪ የሆነው ጄፍ ጆንሰን ግን ሌላ ሥራ ጀመረ። ናይት በ2016 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እንደገለጸው፣ ጆንሰን ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ካርድ አዘጋጅቶ የጫማ ቁጥሩን፣ የሚወደውን የጫማ ዓይነትና የግል ሁኔታውን ይጽፍበት ነበር። ለልደትና ለገና ካርድ ይልክላቸዋል፤ ውድድር ሲጨርሱ እንኳን ደስ ያላችሁ ይላቸዋል። ደንበኞቹም መልስ ይጽፉለት ነበር።

ከእነዚህ አንዱ የታይገር ሶል ስስ በመሆኑ ለቦስተን ማራቶን እንደማይችል ገለጸ። ጆንሰን ጫማ ሠሪ ቀጥሮ የሻወር ነጠላ ጫማ ጎማ ከታይገሩ ውስጥ አስገጠመለት። ሯጩ በቦስተን የራሱን ምርጥ ሰዓት አስመዘገበ። አንድ የአድራሻ ካርድ ለምርቱ መሻሻል ሐሳብ አመጣ ማለት ነው።

አስመጪዎችና ወኪሎች ልብ ሊሉት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ኦኒትሱካ በአሜሪካ ሌላ አከፋፋይ ሲያፈላልግ ቆይቶ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከብሉ ሪበን ጋር ተለያየ፤ ናይኪ የሚለው ስም የተወለደውም በ1971 በዚሁ ጭንቅ ውስጥ ነው። ስሙን ያመጣው ጆንሰን ነበር። ጫማው የአምራቹ ነው፤ የደንበኛው መዝገብ ግን የሻጩ ነው። የውክልና ውል በፈረሰ ጊዜ ከወኪሉ እጅ የማይወሰደው ይኸው መዝገብ ነው።

በጆንሰን ካርድ ላይ ከስሙ ቀጥሎ የሰፈረው የጫማ ቁጥር ለዛሬው ነጋዴ ከሁሉም በላይ ይጠቅማል። ሳሙና ወይም ብስኩት በነጻ ሲታደል ለማንም ይሆናል። ጫማ ግን በእግር ልክ ካልሆነ ስጦታም አይባልም። በምዝገባው ወረቀት ላይ «ቁጥርዎ ስንት ነው?» የሚል አንድ ጥያቄ የጨመረ ነጋዴ ጭነቱን ከማዘዙ በፊት ከየቁጥሩ ምን ያህል እንደሚፈለግ ግምት ያገኛል። ጫማ የነገደ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው መካከለኞቹ ቁጥሮች ቶሎ ያልቃሉ፤ ትንንሾቹና ትልልቆቹ ግን መደርደሪያ ላይ ከርመው በመጨረሻ በኪሳራ ይወጣሉ። ብዙ ምዝገባ ስምና አድራሻ ብቻ ጠይቆ ማለፉ የሚያስገርም ነው።

በነጻ መስጠት ያለ ዕጣም ይቻላል። በ1972 በኦሪገን ግዛት ዩጂን ከተማ በተካሄደው የአሜሪካ ኦሊምፒክ ማጣሪያ ናይኪ በእጅ የተሠሩ ወደ 12 የሚጠጉ ጥንድ ጫማዎች ለሯጮች አዘጋጅቶ ነበር። ጫማው የተሰጠው ሰው ሁሉ በሚያየው እግር ላይ ነው። ከእነዚያ አንዱ ጥንድ በ2019 በሶዝቢስ ጨረታ 437 ሺህ 500 ዶላር አውጥቷል።

ከቅርብ ጊዜ ምሳሌዎች ኦልበርድስ ይጠቀሳል። ይህ ከበግ ሱፍ ጫማ የሚሠራ ድርጅት በ2014 ኪክስታርተር በተባለው የቅድመ ክፍያ ዘዴ በአምስት ቀን ውስጥ 119 ሺህ ዶላር ገደማ ሰበሰበ። የተመዘገቡት ዕጣ ጠባቂዎች ሳይሆኑ ገንዘባቸውን ያስቀደሙ ገዢዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ በኅዳር 2021 በ15 ዶላር ለገበያ የቀረበው አክሲዮኑ በ2024 ከአንድ ዶላር በታች ወርዶ ኩባንያው 20 አክሲዮኖችን ወደ አንድ ለማጠፍ ተገደደ። መልካም ጅምር ሁለተኛና ሦስተኛ ጥንድ የሚገዛ ደንበኛን አይተካም። አክሲዮን ገዢም መጠየቅ ያለበት የተመዝጋቢውን ቁጥር ሳይሆን ተመልሶ የገዛውን ነው።

ሕጉንም መዘንጋት አይገባም። በአሜሪካ ሽልማት፣ ዕድልና ክፍያ አንድ ላይ ከተገኙ ነገሩ ሎተሪ ይሆናል፤ ሎተሪን ማካሄድ ደግሞ ለግል ድርጅት የተከለከለ ነው። «መግዛት ግዴታ አይደለም» የሚለው ጽሑፍ በየማስታወቂያው ግርጌ የሚታየው ለዚህ ነው። በፖስታም ሆነ በኢሜይል ያለ ክፍያ መግቢያ በር መከፈት አለበት። በ2003 የወጣው የአሜሪካ የኢሜይል ማስታወቂያ ሕግ ደግሞ «አትላኩልኝ» ያለን ሰው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ከመዝገብ መሰረዝን ያስገድዳል።

በኢትዮጵያ ምርት ለማስተዋወቅ ዕጣ የሚያወጣ ድርጅት አስቀድሞ ከብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ መውሰድ አለበት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሰው አድራሻ ከተሰበሰበበት ዓላማ ውጭ እንዲውል አይፈቀድም። ለጫማ ዕጣ የተመዘገበን ስልክ ቁጥር ለቤት ሻጭ አሳልፎ መስጠት፣ ወይም ከሌላ ሰው የስም ዝርዝር ገዝቶ «ደንበኞቻችን» እያሉ መልእክት መላክ፣ እንደ ቀድሞው ማንም ሳይጠይቅ የሚታለፍ ሥራ አይደለም።