ያው ጥያቄ ሲመለስ

ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ መማር የጀመረ አንድ ወጣት ሁለት ቁጥሮችን የሚደምር ፕሮግራም ጻፈ እንበል። 5 እና 3 ሲያስገባ ስክሪኑ ላይ የወጣው 8 ሳይሆን 53 ነው። ሙያውን የሚያውቅ ጓደኛውን ጠየቀ፤ መልሱም ቶሎ መጣ። ተጠቃሚው ከኪቦርድ የሚያስገባውን ሁሉ ፓይተን እንደ ጽሑፍ ይቀበለዋል፤ የመደመር ምልክቱም ጽሑፍን ከጽሑፍ ይቀጥላል። "መጀመሪያ ወደ ቁጥር ለውጠው" ተባለ፤ ለወጠው፤ ሠራለት።

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። አሁን የያዘው ዕድሜ ተቀብሎ የትውልድ ዓመት የሚያሰላ ፕሮግራም ነው። ከዓመተ ምሕረቱ ላይ ዕድሜውን ሊቀንስ ሲል ፕሮግራሙ የስህተት መልእክት አውጥቶ ቀጥ አለ። ሌላ ቀን ደግሞ 20ን በ2 አባዛለሁ ብሎ 2020 አገኘ።

"ስንት ጊዜ ልንገርህ!" የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

የሦስቱም ችግር ምክንያት አንድ መሆኑ እውነት ነው። ወጣቱ ያየው ግን አንዴ የተሳሳተ ድምር፣ አንዴ የቆመ ፕሮግራም፣ አንዴ ደግሞ ሁለት ጊዜ የተጻፈ ቁጥር ነው። ሦስቱን የሚያገናኘው፣ የዳታ ዓይነት የሚባለው (ቁጥር ወይስ ጽሑፍ የሚለው) ነገር፣ ገና አልገባውም። ሊማር የመጣውም እሱኑ ነው። ጥያቄው የተደገመ የሚመስለው መልሱን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

አዋቂ ሰው ይህን ማየት ለምን እንደሚያቅተው የሚያሳይ አንድ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኤልዛቤት ኒውተን የምትባል ተመራማሪ አንዳንድ ተሳታፊዎች የታወቁ ዘፈኖችን ዜማ በጣታቸው ጠረጴዛ ላይ እንዲመቱ፣ ሌሎቹ ሰምተው ዘፈኑን እንዲለዩ አደረገች። መቺዎቹ ግማሹ ይታወቃል ብለው ገምተው ነበር። ከ120 ዘፈኖች የታወቁት 3 ብቻ ናቸው። መቺው ጭንቅላቱ ውስጥ ዜማው ሙሉ ሆኖ ይሰማዋል፤ ሰሚው ጆሮ የሚደርሰው ኳኳታ ነው።

በጀማሪው በኩልም የራሱ ችግር አለ። ሮይ ፒ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳመለከተው፣ ብዙ ጀማሪዎች ኮምፒውተሩ ውስጥ ሐሳባቸውን የሚረዳ አእምሮ ያለ ያህል አድርገው ይጽፋሉ። እኔ 5ን ቁጥር ነው ካልኩ እሱም ያውቃል ብሎ ማሰብ ስንፍና አይደለም፤ ከሰው ጋር ሲነጋገር የኖረ ሁሉ የሚያስበው እንደዚያ ነው። ይህ ልማድ በአንድ ማብራሪያ አይለቅም።

ተደጋጋሚ ጥያቄን በቁም ነገር ከያዙት መካከል የፓይተን ሠሪዎች ራሳቸው ይገኛሉ። ቀድሞ አንድ ቅንፍ ሳይዘጋ ሲቀር መልእክቱ ብዙ ጊዜ ጥፋት የሌለበትን ቀጣዩን መስመር ይጠቁም ነበር፤ ጀማሪውም ትክክለኛውን መስመር ሲያገላብጥ ያመሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 የወጣው 3.10 እትም ግን ያልተዘጋውን ቅንፍ ለይቶ ያሳያል። ከፓይተን ለመውጣት "ኤግዚት" ብሎ የሚጽፍ ሰውም ለዓመታት የሚያገኘው ቅንፍ ጨምር የሚል ማሳሰቢያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው 3.13 እትም ቃሉ ብቻውን ይበቃል። እዚህ ላይ የታረመው ጠያቂው ሳይሆን መሣሪያው ነው።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ከቀድሞው ይልቅ አሁን ይበረታል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. 5 ሚሊዮን ኮደሮችን ለማፍራት የተጀመረው መርሐ ግብር ትምህርቱን የሚሰጠው በኦንላይን ነው። ቪዲዮው መልሶ አይጠይቅም፤ ተማሪው ግር ሲለው ፊቱን አያይም። ስለዚህ ጥያቄው የሚያርፈው አጠገብ ባለው ሰው ላይ ነው፦ በወንድም፣ በሥራ ባልደረባ፣ በጎረቤት ልጅ ላይ።

እነዚህ ሰዎች የራሳቸው ሥራ አለባቸው፤ ድካማቸውም እውነተኛ ነው። ጊዜ የሌለው ሰው "ነገ ማታ አብረን እንየው" ቢል፣ ተበሳጭቶ ከሚሰጠው መልስ እጅግ ይሻላል። ጊዜ ያለው ደግሞ ኪቦርዱን ከተማሪው እጅ አይንጠቅ። ስክሪኑ ላይ የወጣውን ጮክ ብሎ እንዲያነበው ያድርግ፤ ከዚያም "ምን ይወጣል ብለህ ነበር?" ብሎ ይጠይቀው። 8 ብሎ ጠብቆ 53 ያገኘ ተማሪ ይህን በራሱ አንደበት ሲናገር፣ ወደ መልሱ ግማሽ መንገድ ሄዷል። የቀረውን ግማሽ፣ ለአራተኛ ጊዜም ቢሆን፣ እንደ መጀመሪያው ቀን አስረዱት።