አገር አቋራጭ ሩጫ ከጨዋታ ወደ እንጀራ፦ የመካነ ሰላምና የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ምልከታ

መግቢያ

ከአትሌቲክስ ውድድሮች ሁሉ ለተፈጥሮ መልክዓ ምድር እጅግ የቀረበው አገር አቋራጭ ሩጫ ነው። መም የለውም፤ አስፋልትም አይሻም። ሣር፣ ጭቃ፣ ዳገትና ቁልቁለት ካለ ውድድሩ ይካሄዳል። ስለዚህም ለደጋው ገጠር ወጣት ከሌሎቹ ስፖርቶች ይልቅ ይህ ሩጫ ቅርብ ነው። ይሁን እንጂ ባለፉት አርባ ዓመታት ሩጫ በኢትዮጵያ የክብርና የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የመተዳደሪያ መንገድ ሆኗል። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመረምረው ሩጫ እንጀራ በሆነ መጠን ለደስታው ብቻ የሚሮጠው ሰው ምን ቦታ ይቀረዋል የሚለውን ጥያቄ ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ እንደሚከተለው ነው፦ የጨዋታውን ደስታ ያጠበበው ገንዘቡ ራሱ አይደለም። ያጠበበው በመንደር እሽቅድምድምና በክለብ ደመወዝ መካከል ሊኖር የሚገባው እርከን ባዶ መቅረቱ ነው።

የ«አማተር» ሐሳብና ድንበሩ

አገር አቋራጭ ሩጫ የተወለደው ከጨዋታ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ጥቂት ልጆች «ጥንቸል» ሆነው ቁርጥራጭ ወረቀት እየበተኑ ቀድመው ይሮጡ፣ የቀሩት ደግሞ «ውሻ» ሆነው ዱካቸውን እየተከተሉ ያሳድዱ ነበር። ይህ ጨዋታ ቀስ በቀስ ክለብ፣ ደንብና ዳኛ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1903 ዓለም አቀፍ ውድድር ተጀመረበት፤ በ1973 ደግሞ የዓለም አትሌቲክስ የበላይ አካል ውድድሩን በራሱ ሥር አደረገው።

በዚያው ዘመን የተቀረጸው «አማተር» የሚለው ስያሜ ሥርወ ቃሉ «አፍቃሪ» ማለት ነው፤ ስፖርትን ለፍቅሩ እንጂ ለክፍያው የማያደርግ ሰውን ያመለክታል። ሐሳቡ የተከበረ ቢመስልም ሌላም ገጽታ ነበረው። በእንግሊዝ የመጀመሪያዎቹ ደንቦች በእጁ ሠርቶ የሚያድረውን ሰው ከአማተርነት እስከ ማግለል ደርሰዋል። ያለ ክፍያ መሮጥ የሚችለው ሌላ ገቢ ያለው ሰው ነበርና። ፊንላንዳዊው ፓቮ ኑርሚም የአማተርነትን ደንብ ጥሷል ተብሎ ከ1932ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ታግዷል። በ1912 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የአማተር አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ይህን ክልከላ ማላላት የጀመረው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1997 የአቴንስ የዓለም ሻምፒዮና የገንዘብ ሽልማት መክፈል ጀመረ፤ በ2001 ደግሞ «አማተር» የሚለውን ቃል ከስሙ አወጣ።

ወታደሩ ሯጭ

ይህ የአውሮፓ ክርክር በኢትዮጵያ መሠረት አልነበረውም። በ1960 በሮምና በ1964 በቶኪዮ ማራቶንን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ የክቡር ዘበኛ ባልደረባ ነበር። በ1968 በሜክሲኮ ከተማ የተከተለው ማሞ ወልዴም እንዲሁ። ምሩጽ ይፍጠር የአየር ኃይል ሰው ነበር። እነዚህ ሯጮች በዘመኑ ደንብ አማተሮች ነበሩ፤ ነገር ግን ቀለብና ደመወዝ የሚሰጣቸው፣ ልምምዳቸውን የሚመራላቸው ተቋም ነበራቸው። የሮጡት ለአገርና ለክፍላቸው ክብር ነበር፤ ሩጫው ሲያበቃ ግን የሚመለሱበት ሥራ አላጡም። እንግዲህ በኢትዮጵያ የታየው ለውጥ ከተራ መዝናኛ ወደ ሙያ የተደረገ ሽግግር አይደለም። ተቋም ካቀፈው ሯጭ ወደ ግለሰብ ሙያተኛ የተደረገ ሽግግር ነው።

የአገር አቋራጭ ቡድኑ ታሪክ ይህን ያሳያል። ኢትዮጵያ በ1981 በማድሪድ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ስትካፈል ሯጮቿ የመጨረሻው ዙር የደረሰ መስሏቸው አንድ ዙር ሲቀር ፈጥነው ጨረሱ። በዚህ ስሕተት የግል ድሉ አመለጠ፤ መሐመድ ከድር ሁለተኛ ወጣ፤ የቡድኑ ዋንጫ ግን የኢትዮጵያ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ሮም ላይ መሐመድ፣ በ1983 ደግሞ በቀለ ደበሌ በግል አሸነፉ። ቀነኒሳ በቀለ ከ2002 እስከ 2008 በአዋቂዎች ውድድር 11 የግል ወርቅ ሲሰበስብ ዘመኑ ተለውጧል። ወኪል፣ የጫማ ኩባንያ ውልና የከተማ ማራቶን ክፍያ የሯጭን ዓመት የሚወስኑ ሆነዋል። ከ2011 ጀምሮ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ራሱ በየዓመቱ መካሄዱ ቀርቶ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ሆኗል። የጭቃው ሩጫ ክብሩ ባይቀንስም ገቢው ከጎዳናው ያንሳል፤ ሯጭም ወደ ጎዳናው ያዘነብላል።

ከፍታው ብቻውን አይበቃም

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ከተማ ስትሆን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። በአንድ ወገን የዓባይ በረሃ ቁልቁል ይወርዳል፤ በሌላው ወገን ምድሩ ወደ አምባ ፈሪት ተራራ ይወጣል። በቦረና፣ በሳይንትና በለጋምቦ ደጋ ተማሪ ወደ ትምህርት ቤት፣ ገበሬ ወደ ገበያ በእግሩ ረጅም መንገድ ይጓዛል። ለልምምድ ምድሩ የተሟላ ነው።

ነገር ግን ምድር ብቻውን ሯጭ አያወጣም። ሮበርት ስኮትና ባልደረቦቹ በ2003 ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያ ታላላቅ የማራቶን ሯጮች በብዛት ከአርሲና ከሸዋ የተገኙ መሆናቸውን፣ አብዛኞቹም በልጅነታቸው ወደ ትምህርት ቤት እየሮጡ ይመላለሱ እንደነበር አሳይተዋል። ሁለተኛው ግኝት የደቡብ ወሎን ልጅም ይገልጸዋል፤ የመጀመሪያው ግን አያካትተውም። ልዩነቱን ከፍታ ሊያስረዳው አይችልም። ይልቁንም አሠልጣኝ፣ ክለብና ቀድሞ ያለፈ የአገር ልጅ ምሳሌነት የሚኖራቸውን ድርሻ ወደ መመርመር ይመራል።

በመካነ ሰላም ዙሪያ ላለ ተማሪ መንገዱ የትምህርት ቤት ውድድር ነው፤ ከትምህርት ቤት ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል። በየእርከኑ ጥቂቱ ያልፋል፤ ብዙው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከዚያ በላይ ያሉት እንደ መቻል፣ ንግድ ባንክ፣ ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክና አማራ ማረሚያ የመሳሰሉ ክለቦች የሚፈልጉት የደረሰ ሯጭ ነው። ስለዚህ በዞን ውድድር አራተኛ የወጣች የ17 ዓመት ልጅ ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀርባታል፤ ወይ ዕድሏን ለመሞከር ወደ ከተማ መሰደድ፣ ወይ ሩጫን መተው። የሙያተኝነት ዋጋ በግልጽ የሚታየው በአሸናፊው ላይ ሳይሆን በእሷ ላይ ነው።

የፈረሱ ንጽጽር

በዚሁ ደጋ ከእግር ሩጫ በፊት የኖረ ሌላ የሜዳ ውድድር አለ። ሽምጥ ግልቢያና ጉግስ በሰሜን ኢትዮጵያ የጥምቀትና የሠርግ ድምቀት ናቸው። በጉግስ ሁለት ወገን ይሰለፋል፤ አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው ያሳድዳል፤ ጋሻ የዘንጉን ምት ይመክታል። የሚያሸንፈው ስም ያገኛል፤ የሚሸነፈውም ከማዕዱ አይጎድልም። ጃን ሜዳ የጥምቀት ማደሪያ፣ የጉግስ መጫወቻና የአገር አቋራጭ ሩጫ መወዳደሪያ መሆኑ ሁለቱ ባህሎች አንድ ሜዳ እንደሚጋሩ ያሳያል።

በአዊ ዞን በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዚህ ረገድ ትምህርት ይሰጣል። በየዓመቱ ጥር 23 የሚያከብረው በዓል ዓድዋ የዘመቱ አርበኞችንና ፈረሶቻቸውን ያስባል። ማኅበሩ የውድድር አዘጋጅ ብቻ ሳይሆን የመረዳጃ ተቋምም ነው። ግልቢያው በጨዋታነቱ የዘለቀው ገንዘብ ስላልነካው ብቻ አይደለም፤ ያላሸነፈውንም ሰው በአባልነት የሚይዝ ቤት ስላለው ነው።

በእግር ሩጫም ተመሳሳይ ምልክት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 በኃይሌ ገብረ ሥላሴ ጠንሳሽነት የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በመጀመሪያው ዓመት 10,000 ሰዎችን አሳተፈ። ሙያተኛው ከፊት ለሽልማት ይሮጣል፤ ከኋላው በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ እየዘፈነ ይከተላል። ሙያውና ጨዋታው በአንድ ጠዋት፣ በአንድ መንገድ ተቻችለዋል። ጉድለቱ ግን ይህ ደስታ በአብዛኛው የከተማና የአስፋልት መሆኑ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ ከቀረበው ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ የቀድሞውን አማተርነት መናፈቅ ለገጠሩ ሯጭ አይጠቅምም፤ ያ ሥርዓት ሲጀመር ድኻውን ያገለለ ነበር። ገቢው የደጋውን ልጅ ቤት ያቆማል፤ ሊነፈገውም አይገባም። ሁለተኛ፣ ሙያው ብቻ ሲቀር ሩጫ ለጥቂቶች እንጀራ፣ ለብዙዎች ግን የከሸፈ ተስፋ ይሆናል።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በወረዳ ደረጃ ቀኑ የታወቀ፣ ከበዓል ወይም ከአዝመራ መጨረሻ ጋር የተያያዘ ዓመታዊ አገር አቋራጭ ሩጫ፤ ተማሪ፣ ገበሬ፣ መምህርና አዛውንት በየዕድሜያቸው የሚሳተፉበት፤ ፈረሰኛውም ከሯጩ ጎን የሚሰለፍበት። ክለቦች መልማዮቻቸውን ወደዚያ ይልካሉ፤ ያልተመለመለውም በሚቀጥለው ዓመት የሚመለስበት ሜዳ ይኖረዋል። አራተኛ የወጣችው ልጅ መሮጧን የምትቀጥልበት ምክንያት ስታገኝ ሙያውም ተተኪ ያገኛል።